የአያ ዘውዱ ቅርፊት

ወሬውን ያመጣልኝ የባሱንዳ ሎሪ ሹፌር ነው። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ በምሠራበት ማደሪያ፣ በሎካንዳው በር ላይ ቆመና፣ «ያ የአበባው ሽማግሌያችሁ አረፈ፤ ትናንት ቀበርነው» አለኝ። እኔ በጽጌረዳው መደብ ዳር ተንበርክኬ ቅርፊት እያስተካከልኩ ነበር። ሰው ሲሞት ይጮኻል፣ ደረት ይደቃል፤ አገሬ የጎንደር ቆላ ነውና ይህ አይጠፋኝም። እኔ ግን መጀመሪያ ያደረግኩት ጣቴን በቅርፊቱ መሐል አሳልፌ አፈሩን መንካት ነው። ርጥብ ነበር። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ አያ ዘውዱ ሰው ሲጠይቀኝ ከሐዘኑ ይልቅ ኩራቱ ይቀድመኛል። ሌላው በሀብታም ዘመዱ ወይም በተማረ ልጁ ይኮራል። እኔ የምኮራው በአንድ የሎካንዳ በር ጠባቂ ነው፤ ያውም የሥጋ ዘመዴ ባልሆነ ሰው። የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ፤ እኔ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ሎካንዳው ገዳሪፍ ውስጥ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ ያለ አሥራ ሁለት ክፍል ማደሪያ ነው። ክፍሎቹ አንድ ሰፊ ግቢ ከበው የተሠሩ ናቸው፤ በግቢው መሐል ሁለት ረጃጅም የአበባ መደቦች አሉ። ባለቤቱ ሐጅ ኢድሪስ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ ቁጡ ናቸው፣ ግን የተናገሩትን አያጥፉም። እኔን ጥሩ ብለው ይጠሩኛል፤ አንሶላ አጥባለሁ፣ ክፍል አጸዳለሁ። አያ ዘውዱ የተቀጠረው በር ሊጠብቅ ነበር። አበባ ትከል ብሎ ያዘዘው ሰው የለም።

የቋራ ሰው ነው። በጎልማሳነቱ ለሰሊጥ አጨዳ ድንበር ተሻግሮ ፋሽጋ ገባ፤ ዘንድሮ እመለሳለሁ፣ ለከርሞ እመለሳለሁ እያለ እዚያው ሸበተ። አጫጅ ወገቡ እስካለ ድረስ ነው የሚፈለገው። የእሱ ወገብ እምቢ ሲል ሐጅ ኢድሪስ፣ በማሳቸው ብዙ ዓመት ያጨደ ሰው ነውና፣ በሎካንዳው በር ላይ ወንበር ሰጡት። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያየው ሰው ግን የለም። ሁልጊዜ መደቡ ዳር ነው፤ ጀላቢያውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ማተቡ በላብ ጠቁሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ።

መጀመሪያ «አንቱ» ብዬ ነበር የጀመርኩት። «አንቱ ስትይኝ ወገቤ ይብስብኛል፤ አያ በይኝ ይበቃል» አለኝ። አረብኛው ለጉድ ነው። ስሙን ከአረብ፣ ግሡን ከአማራ አድርጎ ይደባልቅና ድምፁን ከፍ ካደረገው የሚገባ ይመስለዋል። ደግሞ ይገባቸው ነበር። ነጋዴዎቹ የአጨዳ ጊዜ ሲመጡ ከሻይ በፊት የሚጠይቁት እሱን ነው።

አንድ ልማድ ነበረው። ጠዋት፣ ቀትርና አሥር ሰዓት ላይ አመልካች ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ይሰድዳል፤ ያወጣዋል፣ ያሸተዋል፣ ከዚያ በቅልጥሙ ላይ ይጠርገዋል። ቅልጥሙ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። «ገና አልጠማትም» ይላል፣ ወይም «ዛሬ ትጠጣ»። አንዷ ጽጌረዳ ጠውለግ ካለች ቆሞ ይገሥጻታል፤ «ሰው ሁሉ ተነሥቶ አንቺ ተኝተሽ ትውያለሽ?»

የገዳሪፍ አፈር ዋልካ ነው፤ ኸሪፍ በሚሉት በዝናቡ ወራት ጫማ ይውጣል፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ክንድ ያስገባል። የአበባ ሥር እዚያ መሐል ከተገኘ እንደ ክር ይበጠሳል። ስለዚህ በከተማው አበባ የሚተክል ሰው ብዙ ነው፣ ሁለተኛ በጋ የሚያሳድር ግን ጥቂት ነው። አያ ዘውዱ መላውን ያገኘው ከሰው አይደለም። እንዲህ ነበር የነገረኝ፤

«ፋሽጋ ሳለሁ ከአንድ ጠልህ ግራር ሥር እናርፍ ነበር። ማሳው በሙሉ አፉን ከፍቶ ሳለ የግራሩ ሥር ድፍን ነው። ለምን ብዬ በእጄ ጫርሁት። ከላይ ቅርፊትና ቅጠል ረግፎበታል፤ ከሥሩ አፈሩ እንደ ሊጥ ለስልሷል። እንግዲህ ዛፉ ራሱ የሚለብሰውን አውልቆ ለአፈሩ ሲያለብስ እያየሁ እኔ ምን ልጠብቅ?»

ከሎካንዳው ብዙ ሳይርቅ ለዳስ የሚሆን የጠልህ ቋሚ የሚሸጥበት ቦታ አለ። እንጨቱን ልጠው ቅርፊቱን ይጥሉታል። እሱ ያንን በጆንያ ያመጣል። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ተባይ ካለው ይውጣ ብሎ። ከዚያ በመጥረቢያ ጀርባ እየቀጠቀጠ አውራ ጣት የሚያህል ያደርገዋል። መደቡን አስቀድሞ ውሃ ያጠጣና አራት ጣት ውፍረት ያለብሰዋል። በዙሪያው አመድና የደቀቀ የኒም ቅጠል ይነሰንሳል፤ ቅርፊት ባለበት ምስጥ አይጠፋምና። ከእያንዳንዱ ግንድ ዙሪያ ደግሞ አንድ ስንዝር ባዶ ይተዋል። ሲጨርስ እጁን አራግፎ የሚናገራት ነገር አለችው፤ «አፈር ራቁቷን አትዋል።» በቀን ሦስት ጊዜ ሳይላት አይውልም።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅኩት ካጠፋሁ በኋላ ነው።

የመጣሁት ከሰሊጥ አጨዳ ነው። እንደ ሌሎቹ ወደ መተማ አልተመለስኩም፤ ከተማው ውስጥ ጥቂት ወር የቀን ሥራ ሠራሁና ሎካንዳው ውስጥ ሥራ አለ ሲሉኝ ገባሁ። ሳምንት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ዕለቱ ስቅለት ነው፤ አያ ዘውዱ ለስግደት በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። እኔ አዲስ ሠራተኛ በመሆኔ ፈቃድ መጠየቅ ፈራሁና ቀረሁ። ጸጸቱን በሥራ ልወጣው ብዬ ወገቤን ታጥቄ ተነሣሁ። በእኛ አገር ንጹሕ ግቢ ማለት መሬቱ የሚታይ፣ መጥረጊያ መስመር የጣለበት ግቢ ነው። መሐል ግቢ ያሉትን ሁለት መደቦች ሳያቸው ግን በላያቸው የእንጨት ልጣጭ ተከምሯል። እንዴት ያለ ዝርክርክ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ለፋሲካ ሲመለስ ደስ ይበለው ብዬ ጠረግኩት። በመጥረጊያ ያልወጣውን በእጄ ለቀምኩት። ከዚያ ደግሞ ብልሃተኛ ነኝና አልጣልኩትም፤ አንሶላ በምቀቅልበት በርሜል ሥር ማገድኩት። እንዴት ይነድዳል መሰላችሁ።

አሥር ሰዓት ግድም መጣ። ሲሰግድ ስለዋለ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሩ በጾም ደርቋል። በሩ ላይ ቆሞ መደቦቹን አየ። እኔ ምስጋና እጠብቃለሁ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «እንዴት ነው አያ፣ አማረ?» አልኩት።

ወደ መደቡ ሄዶ ጎንበስ ብሎ አፈሩን አየ። ከዚያ፣ «ጽዳቱስ ጸድቷል። የት አደረግሽው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ልብሳቸውን።»

«እሱን ቆሻሻ? አነደድሁት እኮ።»

ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። «እስቲ እጅሽን ስጭኝ» አለና መዳፌን ይዞ ከተራቆተው መደብ ላይ አኖረው። ፀሐይ የዋለበት አፈር ነው፣ ያቃጥላል፤ እጄን ላነሣ ስል አጥብቆ ያዘኝ። ከዚያ ወደ መደቡ ጥግ ወሰደኝ። ከግድግዳው ሥር፣ መጥረጊያዬ ያልደረሰው አንድ ክንድ የማይሞላ ቅርፊት ቀርቷል። እጄን ከሥሩ አስገባው። ቀዝቃዛ ነበር፤ ከማሰሮ ሥር እንዳለ አፈር።

«ያ ያንች ጽዳት ነው» አለኝ። «ይህ የእኔ ቆሻሻ ነው።»

 ማታ ነገሩ ለምን እንደዚያ እንደከበደው ቋሚ ሻጩ ዘንድ የምትሠራ የአገሬ ልጅ ስትነግረኝ ቀልቤ ተገፈፈ። ለካ በዚያ በጋ ሐጅ ኢድሪስ ከአበባው ጋር ተጣልተዋል። ውሃ በአህያ ጋሪ ነው የሚመጣው፤ በበጋ ደግሞ ይወደዳል። «ብላጥ ውሃ አይጠጣም» ብለው መደቦቹን ብላጥ በሚሉት የወለል ሸክላ ሊያስነጥፉ ሸክላውን ገዝተው በግድግዳው አስደግፈውታል። ደግሞ ቅርፊቱ ምስጥ ይጠራብኛል፣ በሮቼን ያስበላብኛል ባይ ናቸው። አያ ዘውዱ የለመናቸው አንድ ነገር ነው፤ እስከ መጀመሪያው ዝናብ። ሰባቱ ጽጌረዳዎች እስከዚያ ከቆዩ መደቡ ይቀራል። ከደረቁ ብላጡ ይነጠፋል፤ እሱም አትክልተኛ መሆኑ ቀርቶ፣ ለበር ብቻ ደግሞ ጎረምሳ ይሻላልና፣ ወደ ማሳ ይመለሳል። በዚያ ወገቡ። እኔ ደግሞ ለፋሲካ ደስ ይበለው ብዬ የዚያን ሰው ዋስትና በርሜል ሥር አንድጄዋለሁ።

በማግስቱ፣ በቀዳም ሥዑር፣ ካርቱም ውስጥ ጦርነት መጀመሩ ተሰማ። ከተማው ሁሉ ሬዲዮና ስልክ ላይ ተደፋ። የእኛን አበባ የሚያስብ ማን አለ? አበባው ግን ጦርነት አያውቅም። በሦስተኛው ቀን አፈሩ መሰንጠቅ ጀመረ፤ በሳምንቱ ሁለት ጽጌረዳዎች ጎነበሱ፣ ደረቁ።

ሐጅ ኢድሪስ መጡ። በትራቸውን ስንጥቁ ውስጥ ሰደዱና እስከ ግማሹ ሲገባ አዩ። «ያ ዘውዱ!» ብለው በአረብኛ ወግ ጠሩት። «ያ ቆሻሻህ የት ሄደ? ማን ነው ያነሣው?»

እኔ የአንሶላ ገመዱ ሥር ቆሜያለሁ።  ሁለት ሳምንት የሠራች ሴት በዚያ ሰዓት፣ ሰው ከካርቱም ሸሽቶ ሥራ ፈላጊ በሚጎርፍበት ጊዜ፣ ብትባረር የት ትወድቃለች?

«እኔ ነኝ» አለ አያ ዘውዱ። «ለበዓል ላጸዳው ብዬ።»

«አንተ?»

«አዎ እኔ። አረጀሁ መሰለኝ።»

ሐጅ አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ እንደገና እሱን አዩት። «ኸላስ፣ በቃ፤ ብላጡን ነገ ላስጀምር ነዋ።»

«እስከ መጀመሪያው ዝናብ ብለውኛል ሐጅ።»

ሐጅ በትራቸውን ከስንጥቁ ነቅለው ሄዱ። ቃላቸውን አያጥፉም ብያለሁ። እኔ ሮጬ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል፣ «ተነሽ፣ ተነሽ፤ ጆንያ አምጭ» አለኝ። ያ ሰው ያን ያህል ነገር ተሸክሞልኝ፣ ስለ እሱ የተናገረው ይኸው ብቻ ነው።

ቋሚ መሸጫው ዘንድ ሄድን። ቅርፊት እንደ በፊቱ የተጣለ አልነበረም። የተፈናቀሉ ሰዎች ከተማ ገብተዋል፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው ለማገዶ እየለቀሙ ነው። እኔ ፈጥኜ ከመሐላቸው ልገባ ስል ክንዴን ያዘኝ። «የሚነድደውን ለሚያበስል ተይ» አለኝ። ወደ ክምሩ ሥር ወሰደኝ፤ ከዓመት በላይ የቆየ፣ የጠቆረ፣ ግማሹ የበሰበሰ፣ ለእሳት የማይሆን ቅርፊት አለ። «ይህ የእኛ ነው።» ሰባት ጆንያ በራሴ ተሸክሜ አመላለስኩ። በእያንዳንዱ ጽጌረዳ አንድ ጆንያ ብዬ፣ ለሞቱትም ጭምር። እሱ ይህን ቆጠራዬን አላወቀም፤ ወይም አውቆ ዝም አለ።

ያን ዕለት ነው በዕድሜዬ አንዴ ብቻ የተቆጣኝ። ያጠፋሁትን ልክስ ብዬ፣ በግንዱ ዙሪያ ስንዝር ተይ ያለኝን ረስቼ፣ ቅርፊቱን ከጽጌረዳዋ ግንድ ላይ እስከ ቅርንጫፏ ድረስ ቆለልኩት። መጥቶ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «አንገቷን አነቅሻት እኮ! ሰው ሲበርደው ጋቢውን በአፍንጫው ላይ ይጠመጥማል? ስንዝር ተይላት።» ካቃጠልኩት ቀን ይልቅ የዚያን ቀን አፈርኩ። ግንዱ ታፍኖ ከዋለ ይሻግታል፣ ምስጥም በዚያው ይወጣበታል። ያቃጠለች ሴት አላወቀችም፤ ያነቀች ግን ተነግሯት ነው። ቁጣው ልክ ነበረው።

ብዙም ሳይቆይ ሎካንዳው ሞላ። ነጋዴ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ ከካርቱም የመጡ፣ ትናንት የራሳቸው ግቢ የነበራቸው ሰዎች። በአንድ ክፍል ስምንት ሆኑ። ውሃ እንደ መድኃኒት በልክ ሆነ። ሐጅ ኢድሪስ ለአበባ አንዲት ጠብታ እንዳይወርድ ሊናገሩ ሲመጡ አያ ዘውዱ ቀደማቸው። «ውሃው የሰው ነው ሐጅ። እኔ ከእንግዲህ አልጠይቅም» አላቸው።

እኔ በቃ አበቃልን ብዬ ነበር። ዝናቡ ገና ሩቅ ነው። እሱ ግን በሚቀጥለው ቀን ስድስት ጡቦች አምጥቶ በመደቦቹ ዳር እንደ መቀመጫ ደረደራቸው። እዚያው ወለል ላይ ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ ሰዎቹ ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ያያል። ኢብሪቅ በሚሉት ማንቆርቆሪያ እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን ይታጠባሉ፤ ውሃው በሲሚንቶው ላይ ይፈስስና ደቂቃ ሳይቆይ ይተንናል። በቀን አምስት ጊዜ፣ ከስልሳ የማያንስ ሰው።

ከእንግዶቹ መሐል ሐጃ ሱዓድ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሰው ሁሉ ግን እሳቸው ወደሚያዩበት ያያል። አያ ዘውዱ ሄዶ ፊታቸው ቆመ። በዚያ አረብኛው ምን እንዳላቸው ልገምት እንጂ ቃል በቃል አልችልም። ማተቡን እንደያዘ፣ ኢብሪቁን እያሳየ፣ ጡቡን እያሳየ፣ ውዱአቸውን መደቡ ዳር እንዲያደርጉለት ለመናቸው።

ሐጃ ቅርፊቱን አዩና ፊታቸውን አኮማተሩ። «ይህ ቦታ ንጹሕ ነው?»

የእኔን መዳፍ እንደያዘው የእሳቸውን አልያዘም፤ ወግ ያውቃል። «እርስዎ ይንኩት» አላቸው። ሐጃ ጎንበስ ብለው ሁለት ጣታቸውን ከቅርፊቱ ሥር አስገቡ። ሲያወጡ ፊታቸው ሌላ ሆኗል። ካርቱም ትተውት የመጡት ግቢ ትዝ ብሏቸው ይሁን አላውቅም፤ ጡቡ ላይ ቁጭ አሉና፣ «ቢስሚላህ» ብለው እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ። ውሃው በጣቶቻቸው መሐል ወርዶ ቅርፊቱ ውስጥ ጠፋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስቱም ጡቦች ወረፋ ያዙ። ራቁት አፈር ቢሆን ኖሮ ያ ውሃ ምንም ባልረባ፤ አንድ እፍኝ፣ አንድ እፍኝ እያለ ፀሐይ ትልሰው ነበር። ቅርፊቱ ግን ያጠራቅመው ነበር። ሐጅ ኢድሪስ መጥተው አዩ። ክርስቲያኑ ዘበኛቸው ኢብሪቅ እየሞላ ያቀብላል፣ እንግዶቹ ተራ ይጠብቃሉ። «ይህ ምንድን ነው ያ ዘውዱ?» አሉ። «ሳሙና የለበትም፤ ጸሎት አለበት። ከዚህ የተሻለ ውሃ ከየት አመጣለሁ?» አላቸው።  የአሥር ሰዓቱ ሶላት ሲደርስ ሐጅ ጫማቸውን አውልቀው ጡቡ ላይ ተቀመጡ።

እንዲህ ሆኖ ዝናቡ መጣ። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆመ፤ ሁሉም ነገሩን ያውቃል። ሐጅ ኢድሪስ ጃንጥላ ይዘው መጡና በመደቦቹ ዙሪያ አንዴ ዞሩ። አምስት ጽጌረዳዎች ቆመዋል፤ አንዷ እንዲያውም አብባ ነበር። «ሰባት ነበሩ» አሉ። እኔ ዓይኔን መሬት ተከልኩ። «አምስት ናቸው» አሉ ደግሞ፤ ከዚያ ወደ ግንበኛው ስልክ ደውለው ብላጡን ለመታጠቢያ ቤቱ አዘዙት። ሐጃ ሱዓድ እልል አሉ። አያ ዘውዱ ዝናቡ እየወረደበት ጣቱን አፈር ውስጥ ሰደደ፣ አሸተተ፣ ቅልጥሙ ላይ ጠረገ። በሕይወቴ ያን ያህል የተከበረ ሰው አላየሁም፤ እግሩ ደግሞ ባዶ ነበር።

ከዚያ በኋላም አብረን ሠራን። ሐጃ ሱዓድ ዘመድ አግኝተው እስኪሄዱ ድረስ በየማለዳው ከእሱ ጋር መደቡን ይዞሩ ነበር፤ ሁለቱም የሌላውን ቋንቋ በቅጡ ሳይችሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። አያ ዘውዱ ሲደክም ባሱንዳ ከተማ ያገባች ሴት ልጁ የሺ መጥታ ወደ ቤቷ ወሰደችው። ሲሄድ የሰጠኝ መጥረቢያውን ነው። «ጀርባውን ነው የምትጠቀሚው፣ ስለቱን አይደለም» አለኝ፤ እንደማላውቅ።

እንግዲህ ሹፌሩ ሞቱን የነገረኝ ዕለት እንባዬን ጠርጌ ወደ ሐጅ ኢድሪስ ሄድኩ። በመደቡ ዳር ባለው ጡብ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ወሬውን ሰምተዋል። ያን ጊዜ ነው አፌን የያዘው ነገር የለቀቀኝ።

«ሐጅ፣ ያኔ ቅርፊቱን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። ያቃጠልኩትም እኔ ነኝ።»

ቀና ሳይሉ፣ «አውቃለሁ» አሉ። «በዚያ ሳምንት የሎካንዳዬ አንሶላ ሁሉ ጠልህ ጠልህ ይሸት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ዘውዱ 'እኔ ነኝ' አለ። በማሳዬም በቤቴም ስንት ዓመት አብሮኝ ሲኖር ያን ቀን ብቻ ነው የዋሸኝ። አንዷን ውሸቱን ባላከብርለት ምን ወዳጅ ነኝ?» አሉና ከጡቡ ተነሥተው፣ «ጠዋት ሎሪ ይሄዳል። ሂጂ ያ ቢንቲ፣ ሂጂ ልጄ፤ የእኔንም ለቅሶ አድርሽልኝ» አሉኝ።

ቅርፊት በጆንያ ሞልቼ ሄድኩ። ሹፌሩ፣ ለቅሶ ቤት ሰው ስኳር ነው የሚይዘው ብሎ ሳቀብኝ፤ ከቁብ አልቆጠርኩትም። ባሱንዳ ስደርስ ለቀስተኛው ድንኳን ሳልገባ መጀመሪያ መቃብሩ ያለበትን አሳዩኝ አልኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ የእኛ ሰዎች የሚቀበሩበት ቦታ አለ፤ ዛፍ የለው፣ አጥር የለው። ሦስት ቀን ያልሞላው አፈር ነው፤ ከሥሩ ጀምሮ ተሰንጥቋል። ራሱ ዘንድ ከእንጨት የተሠራ መስቀል ቆሟል።  ዕድሜውን ሙሉ አፈር ሲያለብስ የኖረ ሰው ራቁት አፈር ሥር ተኝቷል።

በአቅራቢያው ካለ የውሃ ጉድጓድ አንድ ጀሪካን ለምኜ መቃብሩን አጠጣሁት። ጆንያውን ፈታሁና እየዘገንኩ አለበስኩት። አራት ጣት ውፍረት፣ ከእግሩ እስከ ራሱ። እያለቀስኩ ነበርና ምን እንደምሠራ ደህና አድርጌ አላየሁም። የቀረውን በሙሉ ከመስቀሉ ሥር ቆለልኩት።

የሺ ከኋላዬ ስትመጣ አልሰማኋትም። ሱዳን ተወልዳ ያደገች ናት፤ ቶብ የሚሉትን መጎናጸፊያ ለብሳ፣ በእጇ መጥረጊያ ይዛ። መጥረጊያውን ሳይ ደነገጥኩ። የአባቷን መቃብር ልታጸዳ መጥታለች፤ ይህን ቆሻሻ ማን አመጣው ልትል ነው፤ እኔ በስቅለት ዕለት ያደረግኩትን ልታደርግ ነው። መዳፏን ይዤ ቀዝቃዛውን ላስነካት እጄን ዘረጋሁ።

እሷ ግን እኔን አላየችም። ዓይኗ መስቀሉ ሥር ነው። ጎንበስ ብላ መጥረጊያውን በአጭሩ ያዘችና የቆለልኩትን ቅርፊት ከእንጨቱ ዙሪያ ቀስ አድርጋ ገፋች። ስንዝር ሲሆን አቆመች።

«መዕሌሽ፣ አይዞሽ እት ጥሩ» አለችኝ። «አንገቱን አነቅሽው እኮ።»